አራተኛው ነጥብ፦ በደሴ በእጅ የተሠራ የጭንቅላት እንቅስቃሴ መከታተያ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

ይህ ጽሑፍ ደሴ ከተማ ውስጥ በአንዲት የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ሱቅና በአንድ መኖሪያ ቤት መካከል ለሁለት ወር ያህል ሲመላለስ የነበረን ሥራ ይመዘግባል። ሥራውን ያመጣው በዩኒቨርሲቲ የሚማር የሰፈራችን ልጅ ሲሆን ጠጋኙ እኔ ነኝ። ስማችንን መጥቀስ ለጉዳዩ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ ከዚህ በኋላ እርሱን ተማሪው እያልኩ እቀጥላለሁ።

ተማሪው የበረራ ማስመሰያ ጨዋታ ይወዳል። የሚጠቀምበት ፍላይትጊር የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም የዓለምን መልክዓ ምድር ስለሚይዝ፣ የእኛው የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያም ኤችኤዲሲ በሚለው ዓለም አቀፍ መለያው ይገኝበታል። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብላ፣ ከባሕር ወለል 1,860 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ተራሮች ከበዋት የምትገኝ ከተማ ናት። ወደዚያ ለማረፍ ዙሪያውን የሚዞር አብራሪ ማኮብኮቢያውን አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት አያየውም፤ በጎን መስኮት፣ አንዳንዴም በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ዞሮ እያየ ነው የመታጠፊያውን ጊዜ የሚወስነው። በኮምፒውተር ላይ ግን ወደ ጎን ለማየት ቁልፍ መጫን ወይም ማውዝ መጎተት ያስፈልጋል፤ ይህም የሚሆነው እጅ ከመሪው መለየት በማይገባው ሰዓት ነው። ተማሪው ሱቅ መጥቶ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር፦ «ጋሼ፣ አንገቴን ሳዞር እይታው አብሮኝ የሚዞርበት ነገር መሥራት አንችልም?»

ለዚህ ተብለው የተሠሩ የፋብሪካ መሣሪያዎች አሉ። በጣም የታወቀው ትራክአይአር የሚባለው ነው። ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ስለሆነ ለአንድ ተማሪ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ካለው አሮጌ ዕቃ ለመሥራት ተስማማን።

አሠራሩ በአጭሩ

በኮፍያ ላይ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት የማይለወጥ ሦስት ጥቃቅን የታህተ ቀይ ብርሃን ምንጮች ይታሰራሉ። ታህተ ቀይ፣ በእኛ ሥራ ኢንፍራሬድ የምንለው፣ ዓይን የማያየው ነገር ግን የካሜራ ሲሊኮን፣ ማለትም ከሌንሱ ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ የሚያየው ብርሃን ነው፤ የቴሌቪዥን ሪሞት የሚሠራውም በእርሱ ነው። ካሜራው ከስክሪኑ በላይ ሆኖ ሦስቱን ነጥቦች ይመለከታል። ኦፕንትራክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የነጥቦቹ ርቀት በሚሊ ሜትር አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ከዚያ በምስሉ ላይ ሲቀራረቡ፣ ሲራራቁና ሲያጋድሉ እያየ ጭንቅላቱ ወዴት እንደዞረና ወዴት እንደተጠጋ ያሰላል። ሦስት የመዞር፣ ሦስት የመሄድ፣ በድምሩ 6 ዓይነት እንቅስቃሴ ይለያል ማለት ነው። ተጫዋቹ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ጭንቅላቱን 20 ወይም 30 ዲግሪ ብቻ ሲያዞር፣ በጨዋታው ውስጥ ያለው እይታ ብዙ እጥፍ እንዲዞር ተደርጎ ይስተካከላል።

ካሜራውን ማዘጋጀት

የተጠቀምነው በዩኤስቢ የሚሠራ አሮጌ ዌብካም ነው። ተራ ካሜራ ቀለሙ እንዳይበላሽ ታህተ ቀይን የሚያግድ ማጣሪያ አለው፤ ይህ ማጣሪያ ካልወጣ ሥራው አይጀመርም። ሌንሱን ጠምዝዘን ስናወጣው ከጀርባው፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር የምታንስ፣ ዘንበል ሲያደርጓት ቀይና አረንጓዴ እያፈራረቀች የምታብለጨልጭ መስታወት ተለጥፋ አገኘን። በምላጭ ጫፍ ስንፈለቅቃት ተሰበረች። እርሷ ብትሰበር ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ ስብርባሪው ሌንሱን ሲጭረው ነው፤ ስለዚህ ሌንሱን ወደ ታች ዘቅዝቀን በአየር አራገፍነው።

መልሰን ስንገጥመው ምስሉ ደበዘዘ። ተማሪው ካሜራውን ያበላሸነው መስሎት ደንግጦ ነበር። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፦ በሌንሱና በሲሊኮኑ መካከል የነበረው መስታወት ብርሃኑ የሚሰበሰብበትን ቦታ የውፍረቱን ሲሶ ያህል ወደ ኋላ ይገፋው ነበር፤ መስታወቱ ሲወጣ ሌንሱ እንደገና መስተካከል አለበት። ሌንሱን ጥቂት በጥቂት እያዞርን ምስሉ እስኪጠራ ድረስ አስተካከልነው።

ቀጥሎ የተገላቢጦሹ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ የሚታየውን ብርሃን አግዶ ታህተ ቀዩን የሚያሳልፍ። ለዚህ ብርሃን አግኝቶ የታጠበ የፎቶ ፊልም ጥቁር ጫፍ ይሆናል። በሰፈራችን ካለ አንድ ፎቶ ቤት የቆየ ፊልም ለምነን ሁለት ዓይነት ተሰጠን። በመጀመሪያ ያነሳነው የጥቁርና ነጭ ፊልም ሲሆን በጣም ጥቁር ስለነበረ የተሻለ መስሎን ነበር። ካሜራው ምንም አላየም። በሪሞቱና በስልክ ካሜራ መካከል ይዘን ስንፈትነውም የሪሞቱ ብርሃን አላለፈም። የቀለም ፊልሙን ስንሞክር ግን፣ ለዓይን ያው ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ የሪሞቱ ነጥብ ሐምራዊ ሆና በስልኩ ላይ ብልጭ አለች። ልዩነቱ የሚመጣው ጥቁረቱ ከተሠራበት ነገር ነው፦ የጥቁርና ነጭ ፊልም ጥቁረት ደቃቅ የብር ብናኝ ስለሆነ ሁሉንም ብርሃን ያግዳል፤ የቀለም ፊልም ጥቁረት ግን ከማቅለሚያ የተሠራ በመሆኑ የሚታየውን ብርሃን ብቻ ውጦ ታህተ ቀዩን ያሳልፋል። ሁለት ንብርብር ቆርጠን በሌንሱ ፊት ለጠፍን።

በዚህ ቦታ ቆም ብለን ብናስብበት ኖሮ ኋላ ከገጠመን ድካም ግማሹ ይቀርልን ነበር። ለዓይን ጥቁር የሆነ ነገር ለካሜራው ጥቁር ላይሆን እንደሚችል በእጃችን ይዘን አይተናል፤ ነገር ግን የፊልም ጉዳይ ብቻ አድርገን አለፍነው።

አምፖሎቹና ኮፍያው

ሦስቱን የብርሃን ምንጮች፣ ማለትም ኤልኢዲ የሚባሉትን ጥቃቅን አምፖሎች፣ ከተሰበሩ የሪሲቨር ሪሞቶች ነቀልን። የሪሞት ኤልኢዲ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ብዙውን ጊዜ በ940 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ካሜራ ለዚህ፣ ሌላው ዓይነት ከሆነው ከ850 ናኖሜትሩ ይልቅ ደካማ ቢሆንም በቂ ሆኖ አግኝተነዋል።

ተማሪው አንዱን ቤቱ ሆኖ ያለ ሬዚስተር በቀጥታ ከዩኤስቢው 5 ቮልት ጋር አገናኝቶ አቃጥሎታል። ኤልኢዲ የሚፈልገው 1.3 ቮልት ያህል ብቻ ነው፤ ትርፉን የሚይዝለት ከሌለ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ያልፍበታል። ሌላ ነቅለን ሦስቱን በአንድ መስመር ተከታትለው እንዲያያዙ አደረግን። ሦስቱ በድምሩ 3.9 ቮልት ይወስዳሉ፤ የሚተርፈው 1.1 ቮልት በ22 ኦም ሬዚስተር ሲያልፍ 50 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራም መሣሪያው ከዚያው ዩኤስቢ ስለሚመገብ ሥራው አይቋረጥም። ኤልኢዲዎቹን ዓይን ሥር አስጠግቶ መመልከት ግን አይገባም፤ ብርሃኑ ስለማይታይ የዓይን ብሌን ጠብቦ ራሱን አይከላከልም።

የሪሞት ኤልኢዲ ብርሃኑን ወደ ፊት ሰብስቦ የሚወረውር ጉልላት አለው። ለሪሞት ጥሩ ነው፤ ለእኛ ግን ጭንቅላት ትንሽ ሲዞር ነጥቡ ጠፋ። መፍትሔው ቀላል ሆነ። የጉልላቱን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ እስኪሆንና እስኪደበዝዝ አሸነው፤ ውስጡ ያለችው ሽቦ ጋ እንዳይደርስ ብቻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ በሰፊው ተበተነ።

መያዣውን በመጀመሪያ ከመዳብ ሽቦ ሠራን፤ ኮፍያው በተነሳና በተቀመጠ ቁጥር እየተጣመመ መለኪያውን አበላሸው። በመጨረሻ ከተሰበረ ጃንጥላ የተነቀለ የብረት ዘንግ ተጠቀምን፤ ዝናብ በማያጣት ደሴ የተሰበረ ጃንጥላ አይጠፋም። ሁለቱ ነጥቦች በኮፍያው ጥላ ግራና ቀኝ፣ ሦስተኛው ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ሆኑ። ርቀቱን ስንለካ ከኤልኢዲው ጫፍ ሳይሆን ከተበየደበት ቦታ ለክተን 7 ሚሊ ሜትር ተሳስተን ነበር፤ ውጤቱም ወደ ጎን ሲዞር እይታው አብሮ ማጋደሉ ነበር። በትክክል ሲለካ ማጋደሉ ቀረ።

ችግሩ

መሣሪያው ሱቄ ውስጥ በደንብ ሠራ። ተማሪው ቤቱ ወስዶ ሁለት ቀን ደስ ብሎት ተጫወተ። በሦስተኛው ቀን ግን እይታው በድንገት ወደ ሰማይ ወይም ወደ ወለል ይዘላል፣ ከአንድና ሁለት ሰከንድ በኋላ ይመለሳል ብሎ መጣ። ሱቅ ውስጥ ግማሽ ቀን ሞከርነው፤ አንድም ጊዜ አልዘለለም።

ከዚህ በኋላ ያለፉት ሁለት ሳምንታት የባከኑ ናቸው ማለት እችላለሁ። ተማሪው የፕሮግራሙን ቅንብሮች አንድ በአንድ ለወጠ፤ የማለስለሻውን መጠን ከፍ ሲያደርገው ዝላዩ ጥቂት ቢቀንስም እይታው ከጭንቅላቱ ኋላ ቀርቶ የሚጎተት ሆነ። ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ጫነ። እኔ በበኩሌ የብየዳውን ነገር ጠርጥሬ መገጣጠሚያውን ሁሉ በካውያ አቅልጬ በአዲስ ስታኞ በየድኩ፤ ገመዱንም ቀየርኩ። እየተለወጠ የነበረው የምናውቀው ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱ ሶፍትዌር ስለሚያውቅ ሶፍትዌሩን፣ እኔ ብየዳ ስለማውቅ ብየዳውን። ሁለታችንም ካሜራው የሚያየውን ምስል በችግሩ ሰዓት ከፍተን አላየንም።

መንስኤው የተገኘበት መንገድ

ሌላ ነገር ስናጣ፣ ዝላዩ በተከሰተ ቁጥር ሰዓቱን በደብተር እንዲጽፍ ነገርኩት። ከሳምንት በኋላ ደብተሩን ይዞ መጣ። ዝላዮቹ በቀኑ ውስጥ አልተበታተኑም፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ገደማና አልፎ አልፎ ማታ 1 ሰዓት ላይ ተሰብስበዋል። ከዚህም በላይ፣ በእያንዳንዱ ስብስብ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ሦስት ከባድ ዝላዮች ነበሩ። ብየዳ ሰዓት ጠብቆ አይበላሽም። ምክንያቱ ከቤቱ ነው ብዬ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ሳይሞላ እቤታቸው ሄድኩ።

እናቱ ቡና እያፈሉ ነበር። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ የከሰል ምድጃው ከተማሪው ወንበር ኋላ፣ ሁለት ሜትር ተኩል በሚሆን ርቀት ላይ ተቀምጧል። ተማሪው ኮፍያውን አድርጎ ተቀመጠ፤ እኔ የካሜራውን ምስል በትልቁ እንዲከፍት አደረግሁ። በጥቁሩ ምስል ላይ ሦስቱ ነጥቦች ከፍ ብለው ይታያሉ። በታችኛው ጥግ ደግሞ አራተኛ ነበረች። እናቱ ምድጃውን ሲያራግቡ እያበጠች፣ ሲተዉት እየሟሸሸች ትተነፍሳለች። ጀበናውን ሲጥዱበት ብርሃኗ ተሸፈነ፤ የጀበናው ሆድና አንገት ጥቁር ጥላ ሆኖ ታየ፤ እይታውም ረጋ። አቦሉን ለመቅዳት ጀበናውን ሲያነሱት ፍሙ ባንድ ጊዜ ወጣ፤ በስክሪኑ ላይ ያለው አብራሪ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር። ለቶና ሲነሳ ዘለለ፤ ለበረካ ሲነሳም ዘለለ። በደብተሩ ላይ የነበሩት ሦስቱ ዝላዮች እነዚህ ናቸው። ፕሮግራሙ ሦስት ነጥብ ብቻ ይፈልጋል፤ ከኤልኢዲዎቹ የበለጠ የሚያበራ አራተኛ ሲመጣ አንዱን ትክክለኛ ነጥብ ጥሎ ፍሙን ይቆጥረዋል፤ ከዚያ የሚያሰላው የጭንቅላት አቅጣጫ ማንም ሰው አንገቱን ሊያዞር የማይችልበት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት ማረም ያስፈልጋል። ተማሪው «ካሜራው ሙቀት ያያል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አያይም። የፈላው ጀበና ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል፣ ሆኖም በምስሉ ላይ ጥቁር ነው፤ የሰው ገላም አይታይም። በዚህ መጠን የሞቀ ነገር የሚያወጣው ጨረር የሞገዱ ርዝመት ትልቅ ስለሆነ የካሜራው ሲሊኮን ሊያየው አይችልም። የሚያየው ለዓይን እስኪቀላ የጋለውን ነው፤ ፍም ለእኛ ቀላ ብሎ ሲታይ፣ ከቀዩ ቀጥሎ ባለው የማናየው ክፍል ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ያበራል። ሻማም፣ የክር አምፖልም፣ ፀሐይም እንደዚሁ ናቸው። እኔ ሱቅ ውስጥ ያሉት መብራቶች የኤልኢዲ አምፖሎች ስለሆኑ ታህተ ቀይ እዚህ ግባ የሚባል አያወጡም፤ ችግሩ ሱቅ ውስጥ ያልታየው ለዚህ ነው።

የተሞከሩት መፍትሔዎች

እናቱ ነገሩን ሲረዱ ቀድመው ያሉት «አብሽር ልጄ፣ እኔ ቡናውን በረንዳ አወጣዋለሁ» ነበር። ይህን አልተቀበልኩም። ቡና ቤተሰቡና ጎረቤቱ የሚሰበሰብበት ነው፤ መሣሪያው ለቤቱ መመቸት አለበት እንጂ ቤቱ ለመሣሪያው ሊታጠፍ አይገባም። ይህ የእኔ አቋም ነው፤ በማንኛውም ቤት ውስጥ በሚሠራ ዕቃ ላይ አጥብቄ እይዘዋለሁ።

በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆኑ ነጥቦችን እንዳይቆጥር የሚያደርገውን ቅንብር ሞከርን። ፍሙ አንድ ላይ ሲያበራ ትልቅ ስለሆነ ተጣለ፤ ግን ከሰሉ አመድ ሲለብስ በስንጥቁ መካከል የሚያበሩት ፍንጣቂዎች ልክ የኤልኢዲ ያህል ሆኑ፤ ዝላዩም ተመለሰ። ቀጥለን ከወንበሩ ኋላ ጥቁር ስስ የናይለን መጋረጃ ሰቀልን። ለዓይን ፍሙን በደንብ ሸፈነው። በካሜራው ምስል ላይ ግን መጋረጃው ነጣ ብሎ ታየ፣ ፍሙም ከኋላው ደብዘዝ ብሎ አበራ። የጨርቁ ማቅለሚያ እንደ ፊልሙ ማቅለሚያ ታህተ ቀዩን አሳልፎት ነበር። የመጀመሪያውን ትምህርት በሁለተኛ ዋጋ የገዛነው እዚህ ላይ ነው።

የሠራው ጠረጴዛውን ማዞር ነው። ተማሪው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ሲቀመጥ ካሜራው ከእርሱ ኋላ የሚያየው ግድግዳ ብቻ ሆነ፤ ምድጃው ከካሜራው እይታ ውጭ ወደ ጎን ቀረ። ገንዘብ አልወጣበትም፤ አሥር ደቂቃ ነው የፈጀው። በዚያው የካሜራውን ራስ ሰር የብርሃን ማስተካከያ አጥፍተን ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ ዝቅ አደረግነው። ይህ ሁለት ጥቅም ሰጠ፦ ደካማ ነጸብራቆች ከምስሉ ጠፉ፤ ካሜራውም በጨለማ ብርሃን ፍለጋ ፍጥነቱን መቀነሱን ትቶ በሰከንድ 30 ምስል መስጠቱን ቀጠለ። መብራት ሲጠፋ ሻማው ከስክሪኑ ኋላ እንዲቀመጥ ተስማማን።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

በካሜራ ለሚሠራ ማንኛውም ነገር፣ ለበር ጠባቂ ካሜራም ይሁን መስመር ተከትሎ ለሚሄድ የተማሪ ሮቦት፣ ብልሽት ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ ሳይሆን ካሜራው ያየው ጥሬ ምስል መሆን አለበት። ምስሉን ለማየት የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ እኛ ሁለት ሳምንት አሳለፍን። ብልሽቱ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ ሰዓቱን መጻፍ ይበልጣል፤ የመጣበትን ሰዓት የቤቱ ሰው ያውቀዋል፤ ደብተሩን መጀመሪያ ለእናቱ አሳይቶ ቢሆን ኖሮ እኔ መሄድም ባላስፈለገኝ።

ዕቃው ሱቅ ውስጥ ሠርቶ ቤት ውስጥ እምቢ ካለ፣ መፈተን ያለበት ቤቱ ነው። ይህን ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የቮልቴጁን ነገር ለማየት ቤት ድረስ እሄዳለሁ። ለዚህ ሥራ ግን ያልሄድኩት ጨዋታ ነው ብዬ ስላቃለልኩት ነው። አንድ ወጣት ሁለት ወር የደከመበት ሥራ እንደማንኛውም ጥገና ሊታይ ይገባው ነበር።

አሁን ያለበት ሁኔታ

መሣሪያው እየሠራ ነው። ተማሪው ከደሴ በኩል ወርዶ የኮምቦልቻን ማኮብኮቢያ በግራ መስኮት እያየ ይታጠፋል፤ ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ናቸው። ጭንቅላቱ መሃል ላይ ሲሆን እይታው እንዳይንቀጠቀጥ፣ ጭንቅላቱ ሲዞር እይታው ምን ያህል እንደሚዞር በፕሮግራሙ ላይ የሚወስነው መስመር በመሃሉ ዝርግ ሆኖ ወደ ዳር ሲሄድ እንዲወጣ አድርጎ አስተካክሎታል።

ያልተፈታው የጠዋት ፀሐይ ነው። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ወደ ጦሳ ተራራ ስታዘቀዝቅ ክፍሉ ይጠልላል፤ ጠዋት ግን በምሥራቁ መስኮት ገብታ አሁን ከጀርባው የሆነውን ነጭ ግድግዳ ታበራዋለች፤ በካሜራው ምስል ላይ ግድግዳው በሙሉ ይነጣና ነጥቦቹን ይውጣቸዋል። መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሲሰቀል ይሠራል፤ ክፍሉ ግን ይጨልማል፤ ቤተሰቡም አይወደውም። ቀጥለን የምንሞክረው ካሜራው በተሻለ የሚያያቸውን ባለ 850 ናኖሜትር ኤልኢዲዎች ነው፤ ነጥቦቹ ይበልጥ ካበሩ ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ የበለጠ አሳጥረን ግድግዳውን ማጨለም እንችላለን። ደብተሩ አሁንም ከጠረጴዛው ላይ አለ፤ የመጨረሻው ጽሑፍ ባለፈው እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 ላይ የተመዘገበ የፀሐይ ዝላይ ነው።